ስለ ዩያይያኮ ተራራ የተጻፈውና ያልተጻፈው

በደቡብ አሜሪካ፥ በአንዲስ ተራሮች ራስ ላይ፥ በብርድ ተጠብቀው ስለ ተገኙት የኢንካ ልጆች ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም ውስጥ በሰፊው የተነበበው አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዮሃን ራይንሃርድ በ2005 ዓ. ም. በእንግሊዝኛ ያሳተመው «የበረዶዋ ልጃገረድ» የተባለው መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛም መጽሐፉን ከእርሱ በኋላ ከወጡት የምርመራ ውጤቶችና ከጥንቶቹ የስፓኝ ጸሐፊዎች ቃል ጋር አስተያይተን፥ ያገኘንበትን በጎ ነገርና ጉድለት ለአንባቢ ለማቅረብ አስበናል።

አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። መጽሐፉ ተራራው ለምን ቅዱስ እንደ ተባለ አሳምሮ ያስረዳል። ነገር ግን ተራራው የማን ነበር? ከሩቅ የመጣ መንግሥትስ ልጆችን እስከዚያ ከፍታ ድረስ አውጥቶ ሲቀብር ከአምልኮ ሌላ ምን ይፈልግ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚገባቸውን ያህል ስፍራ አልሰጣቸውም። ጥያቄዎቹ ካልተመለሱ ደግሞ ሦስቱ ልጆች በመስታወት ውስጥ የሚታዩ ውብ ነገሮች ሆነው ይቀራሉ።

ዩያይያኮ 6,739 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ሲሆን፥ አርጀንቲናንና ቺሌን በሚለየው ወሰን ላይ በአታካማ በረሓ ዳር ቆሟል። አካባቢው እጅግ ደረቅ ነው። ዛፍ የሚባል ነገር አይበቅልበትም፤ በራሱ ላይ ግን በረዶ አለ። በ1952 ዓ. ም. ሁለት የቺሌ ሰዎች ከጫፉ ሲደርሱ ከእነርሱ በፊት ሰው እንደ ነበረ የሚመሰክር የድንጋይ ሥራ አገኙ። ማቲያስ ሬቢች የተባለው የኦስትሪያ ሰውም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍርስራሹን መርምሮ ነበር። ከተራራው ግርጌ ለመንገደኛ ማረፊያ የተሠሩ ቤቶች አሉ። ከዚያም መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጫፉ አጠገብ ሁለት ክፍል ያለው የድንጋይ ቤት፥ ከዚያም በላይ፥ ወደ 6,700 ሜትር ግድም፥ የድንጋይ መደብ አለ። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ ያለው የጥንት ሰው ሥራ እስካሁን አልተገኘም። ቤቱን ለመክደን የዋለው እንጨት ከታች በሰው ጫንቃ ወጥቶ መሆን አለበት። ያን ያህል ከፍታ ላይ እንኳን እንጨት ተሸክሞ፥ ባዶ እጅን መራመድም ትንፋሽ ያሳጣል።

በመጋቢት 1999 ዓ. ም. ራይንሃርድና አርጀንቲናዊቷ የአርኪዎሎጂ ሊቅ ኮንስታንሳ ሴሩቲ ከረዳቶቻቸው ጋር በማዕበልና በብርድ ውስጥ ቆፍረው ከመደቡ ሥር ሦስት ልጆች አገኙ። አንዷ ለአቅመ ሔዋን ለመድረስ የተቃረበች ልጃገረድ ነች፤ ሁለቱ፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ገና ሕፃናት ናቸው። የሴቲቱን ሕፃን አስከሬን ከተቀበረች በኋላ መብረቅ ወርዶ በከፊል አቃጥሎታል። ከልጆቹ ጋር ከመቶ የሚበልጡ ዕቃዎች ተቀብረው ነበር። ከወርቅ፥ ከብርና ከባሕር ዛጎል የተሠሩ የወንድ፥ የሴትና የላማ ምስሎች፥ ለምስሎቹ ልክ የተሸመኑ ጥቃቅን ልብሶች፥ የላባ ጌጥ፥ ሸክላ፥ ጫማና ከረጢት ይገኙባቸዋል። ከዛጎሉ አንዱ ዓይነት ከሩቅ ሰሜን፥ ከኤኳዶር ወገን ካለው ሞቃት ባሕር የሚወጣ ነው። አንባቢ ይህን ዛጎል ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ መጽሐፉ በጎነት እንናገር። ራይንሃርድ በወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ተራራ የሚጽፍ ሰው አይደለም። በመስከረም 1995 ዓ. ም. በፔሩ 6,288 ሜትር ከፍታ ባለው በአምፓቶ ላይ ከሚጌል ሳራቴ ጋር ልጃገረዲቱን ሲያገኝ የሆነውን የሚተርክበት ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ ነው። በአጠገቡ ያለው የሳባንካያ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ የአምፓቶን በረዶ አቅልጦ የመቃብሩን ቦታ ወደ ገደል አንሸራቶት ነበር። ሁለቱ ሰዎች አስከሬኑ በፀሐይ እንዳይቀልጥ ሌባም እንዳያገኘው ሲሉ ተሸክመው አወረዱት። አንባቢ ገጹን ሳይጨርስ መጽሐፉን ማስቀመጥ አይችልም። ደራሲው ከዚህም ሌላ ለብዙ ዓመታት የደከመበት አንድ አሳብ አለው፤ ይኸውም የአንዲስ ሕዝብ ተራራን የሚያመልከው ውሃ፥ ዝናብና የከብት ርቢ ከተራራ ስለሚመጡለት ነው የሚለው ነው። ይህን አሳብ ትክክል ነው ብለን እንቀበለዋለን። ደመና የሚሰበሰበው በተራራ ራስ ነው፤ ወንዝም የሚወርደው ከበረዶው ነው። በረሓ ዳር የሚኖር ገበሬ ከዚህ የተሻለ ፍልስፍና አያስፈልገውም። በእኛ ቋንቋ «አድባር» የምንለው ቃል ለኢንካዎቹ «ዋካ» ጥቂት ይቀርበዋል። ዳሩ ግን «ዋካ» ተራራም፥ ምንጭም፥ ድንጋይም፥ የአባቶች አስከሬንም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ አንድ ናቸው አንልም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚሁ ከበጎነቱ ነው። ትረካው ከተራራ ወጪው ዓይን አይለይም። ስለ ነፋሱ፥ ስለ ድንኳኑ፥ ስለ ገመዱ የተነገረው ሁሉ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ተራራው የሚታየው ከታች ወደ ላይ ለሚወጣ እንግዳ እንደሚታይ ሆኖ ነው። በግርጌው ለዘመናት የኖረው ሕዝብ አልፎ አልፎ ይመጣና መንገድ መሪ ወይም ተሸካሚ ሆኖ ይሄዳል። ውሃውን ከተራራው የሚጠብቀው እርሱ ሆኖ ሳለ፥ በውሃ ላይ የተመሠረተው የደራሲው አሳብ ራሱ የዚህን ሕዝብ ታሪክ ይጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ ዛጎሉ እንመለስ። የኢንካ መንግሥት ዋና ከተማ ኩስኮ ከዩያይያኮ በቀጥታ መሥመር ሲለካ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ኢንካዎች ይህን የደቡብ አገር የያዙት በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ነው። ስፓኞች ወደ ፔሩ የገቡት በ1532 ዓ. ም. ስለሆነ፥ የኢንካ አገዛዝ በዩያይያኮ ዙሪያ ከአንድ የሰው ዕድሜ እምብዛም አልበለጠም ማለት ነው። ልጆቹም የሞቱት በ1500 ዓ. ም. አካባቢ እንደ ሆነ ይገመታል። እንግዲህ ከኤኳዶር ባሕር የወጣ ዛጎል፥ በኩስኮ ሥርዐት የተሠራ የወርቅ ምስልና ከሩቅ የመጡ ልጆች በአዲስ በተያዘ አገር ራስ ላይ በአንድ መደብ ሥር ተገናኙ። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ከኢንካዎች በፊትም ተራራውን ያከብር እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል፤ መደቡን የሠራውና ወደ ላይ የሚወስደውን መንገድ የጠረገው ግን መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ተራራው የሚጸልይ ሁሉ፥ ወደደም ጠላም፥ በራሱ ላይ ወዳለው ወደ ኩስኮ መሥዋዕትም ይጸልያል። ይህ የአምልኮ ነገር ብቻ ሳይሆን የግዛት ነገርም ነው።

ይህን የምንለው ከግምት ብቻ እንዳይመስል ወደ ጥንቶቹ ጸሐፊዎች እንሂድ። በመጀመሪያ በመካከላቸው ያለውን ክርክር እናመልክት። አባቱ ስፓኛዊ፥ እናቱ የኢንካ ዘር የሆነችው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በ1609 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፉ ኢንካዎች ሰው አይሠዉም ነበር ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። የየሱሳውያን ማኅበር ካህን በርናቤ ኮቦ ግን በ1653 ዓ. ም. በጨረሰው ታሪኩ «ካፓኮቻ» የሚባለውን ሥርዐት፥ ልጆች ከየአውራጃው እየተመረጡ ወደ ኩስኮ እንደሚመጡና በታላላቅ ዋካዎች ላይ እንደሚሠዉ ይተርካል። ሁለቱም ጥቅም ነበራቸው። ጋርሲላሶ የእናቱን ወገኖች ስም ለማጽዳት ይጽፋል፤ ካህናቱ ደግሞ የአገሬውን ሃይማኖት ጭካኔ ባጎሉ ቍጥር የራሳቸው ሥራ የተቀደሰ ሆኖ ይታይላቸዋል። ብዙ ሰዎች ይህን አይተው ለጋርሲላሶ ማድላታቸው አያስደንቅም። ዩያይያኮ በ1999 ዓ. ም. በሥርዐቱ መኖር ረገድ ለኮቦ ፈረደ። ይሁን እንጂ ተራራው የፈረደው ድርጊቱ መፈጸሙን ብቻ ነው፤ ለምን ተፈጸመ የሚለውን ካህናቱ እንደ ተረጐሙት እንድንቀበል አያስገድደንም።

ስለ «ለምን» ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የሮድሪጎ ኤርናንዴስ ፕሪንሲፔ ጽሑፍ ነው። ይህ ሰው የጣዖት አምልኮን እየመረመረ እንዲያጠፋ የተላከ ካህን ሲሆን፥ በ1621 እና በ1622 ዓ. ም. በማዕከላዊ ፔሩ በኦክሮስ አገር ይዘዋወር ነበር። በዚያም ካኬ ፖማ የተባለ ባላባት ታሪክ ሰማ። ካኬ ፖማ ታንታ ካርዋ የተባለች ዐሥር ዓመት ግድም የሆናት መልከ መልካም ልጅ ነበረችው። ልጁን ለካፓኮቻ ሰጠ፤ ልጂቱም ወደ ኩስኮ ሄዳ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተከበረች። ከዚያ ወደ አገርዋ ተመልሳ በአንድ ተራራ ላይ በሕይወቷ ሳለች በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረች። ለአባቷም ባላባትነቱ ከኩስኮ ጸና፤ ከእርሱም ለልጆቹ ተላለፈ። ወንድሞቿና ዘሮቻቸው ከዚያ በኋላ ታንታ ካርዋን ራሷን እንደ ዋካ ያከብሯት፥ በታመሙና በቸገራቸው ጊዜም ወደ እርሷ ይሄዱ ነበር።

ይህን ታሪክ በሁለት በኩል ማንበብ ይቻላል። በአንድ በኩል የአምልኮ ታሪክ ነው፤ ልጂቱ ሞተች ከመባል ይልቅ አምላክ ሆነች ተብላለች። በሌላ በኩል ግን የሹመት ታሪክ ነው፤ ልጅ ተሰጠ፥ ሹመት ተቀበለ። በባላባቱና በንጉሠ ነገሥቱ መካከል የታሰረው ውል ማኅተሙ ያች ልጅ ነች። ካኬ ፖማ ልጁን አይወድም ነበር ማለታችን አይደለም። ከሚወደው ሁሉ የሚበልጠውን መስጠቱ ነው ውሉን የማይፈርስ ያደረገው። ኤርናንዴስ ፕሪንሲፔም ቦታውን አስቆፍሮ ልጂቱን ከብር ጌጧ ጋር ተቀምጣ አገኛት። የመጀመሪያው ቈፋሪ ሊያጠፋ የመጣ ካህን መሆኑን፥ ከ380 ዓመት ግድም በኋላ ዩያይያኮን የቈፈሩት ደግሞ ሊጠብቁ የመጡ ሊቃውንት መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ያስገርማል፤ ስለ ምክንያቱ ግን ከሁለቱ የበለጠ የነገረን ያጥፊው መዝገብ ነው።

ኦክሮስና ዩያይያኮ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ የአንዱ ታሪክ የሌላው ነው ልንል አንችልም። የዩያይያኮ ልጆች አባቶች ምን እንደ ተቀበሉ የጻፈ የለም። ቢሆንም ልጆቹ ራሳቸው ጽፈውልናል። እንዴት ቢባል በጠጉራቸው ነው። ጠጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፥ ሰው የበላውና የጠጣው በቅደም ተከተል ተመዝግቦ ይቀርበታል። የልጃገረዲቱ ሹሩባ ርዝመት 28 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ከሁለት ዓመት በላይ ይናገራል። አንድሩ ዊልሰንና ጓደኞቹ በ2007 እና በ2013 ዓ. ም. ያወጡት የምርመራ ውጤት እንደሚያስረዳው፥ ልጃገረዲቱ ቀድሞ እንደ ተራ ገበሬ ልጅ ትበላ ነበር። ከመሞቷ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ምግቧ በድንገት ተለወጠ፤ ሥጋና በቆሎ፥ ማለትም የትልልቅ ሰዎች ምግብ ሆነ። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ የምታኝከው የኮካ ቅጠል በዛ። ኮካ እንደ ጫት በጉንጭ የሚያዝ፥ ድካምን የሚያስረሳ ቅጠል ነው፤ በዚያ ዘመን ለተራ ሰው እንዲሁ የሚገኝ አልነበረም። ኮካው ከመሞቷ ስድስት ወር በፊት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ከበቆሎ የሚጠመቀው፥ እንደ ጠላ ያለው «ቺቻ» ከቀድሞው ሁሉ በለጠ። ስትገኝም የታኘከ ኮካ በጥርሷ መካከል ነበር። ሁለቱ ሕፃናት የወሰዱት ከእርሷ ያነሰ ነው።

ይኸው ምርመራ የልጆቹንም ዕድሜ ቀንሶታል። መጀመሪያ ልጃገረዲቱ ዐሥራ አምስት፥ ወንዱ ሰባት፥ ሴቲቱ ሕፃን ስድስት ዓመት ግድም እንደ ሆናቸው ተገምቶ ነበር። በ2013 ዓ. ም. የወጣው ጽሑፍ ግን ልጃገረዲቱን ወደ ዐሥራ ሦስት፥ ሕፃናቱን ወደ አራትና አምስት ዓመት ያወርዳቸዋል። በ2012 ዓ. ም. የወጣ ሌላ ጥናት ልጃገረዲቱ ስትሞት በሳንባ ሕመም ተይዛ እንደ ነበረ አሳይቷል። እነዚህ ሁሉ ከመጽሐፉ በኋላ የታወቁ ስለሆኑ ራይንሃርድን ለምን አላወቀም ብለን አንወቅሰውም። የምንወቅሰው ስለ አነጋገሩ ነው። መጽሐፉ መሥዋዕትነት ለልጁም ለወላጁም ታላቅ ክብር እንደ ነበረ፥ ልጆቹም ወደ አማልክት የተላኩ መልእክተኞች እንደ ሆኑ ይነግረናል። በኢንካዎች ትምህርት እንዲህ እንደ ነበረ አንጠራጠርም። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ሌላ፥ የአራት ዓመት ሕፃን አእምሮ ሌላ ነው። ትምህርቱ በልጃገረዲቱ ልብ ሙሉ በሙሉ ቢያድር ኖሮ፥ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቺቻው እንዲያ ለምን በረከተ? አንዳንድ ሰው ቺቻ የበዓል መጠጥ ነው፥ ክብር ስለ ጨመረ መጠጡም ጨመረ ይል ይሆናል። ይህ መልስ ከንቱ አይደለም፤ ምግቧም የተለወጠው በክብር ነውና። እኛ ግን ክብሩና ማደንዘዣው በአንድ ዋንጫ ተቀድተው ነበር እንላለን። የልጃገረዲቱ ሰውነት የጥቃት ምልክት የለበትም፤ እጆቿን በጭኗ ላይ አሳርፋ፥ አንገቷን አዘንብላ ተገኝታለች። የአምፓቶዋ ልጅ ግን ራሷን ተመትታ መሞቷ በራጂ ታይቷል። «ጸጥ ብላ አንቀላፋች» የሚል ጸሐፊ ሁሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አለበት።

ራይንሃርድና ሴሩቲ በ2010 ዓ. ም. ያሳተሙት ሁለተኛ መጽሐፍ ከፊተኛው ይልቅ ለምሁራን የተዘጋጀ ሲሆን፥ የተገኘውን ዕቃና የተራራውን ፍርስራሽ በሥርዐት ይዘረዝራል። ተራ አንባቢ ግን የሚያገኘው የፊተኛውን ነው፤ ስለዚህ ትችታችንን በዚያ ላይ አደረግን።

አሁን ስለ ቤተ መዘክሩ ጥቂት እንበል። ሦስቱ ልጆች በአርጀንቲና በሳልታ ከተማ በ2004 ዓ. ም. ለዚሁ ነገር በተከፈተው የከፍተኛ ተራራ አርኪዎሎጂ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ከ2007 ዓ. ም. ጀምሮ በየተራ፥ አንድ በአንድ፥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚሆን ብርድ ውስጥ በመስታወት ለሕዝብ ይታያሉ። የአገሬው ተወላጆች ማኅበራት ልጆቹ ከተራራው መውረዳቸውንም ለተመልካች መቅረባቸውንም ተቃውመዋል። በዚህ ክርክር ላይ ራይንሃርድ በመጽሐፉ አልሸሸም፤ በ1996 ዓ. ም. የአምፓቶዋ ልጅ ወደ ዋሽንግተን ሄዳ በታየች ጊዜ የተነሣውን ሙግት ጽፎታል። ዋና መከራከሪያው ሌባና የአየሩ ሙቀት መቃብሮቹን ሊያጠፉ ይችሉ ነበር የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ በአንዲስ ተራሮች ላይ በድማሚት ሳይቀር የተዘረፉ የኢንካ መቃብሮች አሉ።

ነገር ግን ማዳን አንድ ነገር ነው፥ ማሳየት ሌላ ነው። የሌባው መከራከሪያ ልጆቹ በብርድ ክፍል መጠበቃቸውን ያስረዳል፤ ጎብኚ ትኬት ቈርጦ ፊታቸውን ማየቱን ግን አያስረዳም። የጠጉሩ ምርመራ የተሠራው በመስታወቱ ፊት ቆሞ በሚያይ ሰው አይደለም። የወርቁ ምስል፥ የላባው ጌጥ፥ ጥቃቅኖቹ ልብሶችና ያ ዛጎል ስለ ኢንካ መንግሥት ስፋትና ጥበብ ከአስከሬኑ የበለጠ ይናገራሉ፤ ለተማሪም የሚጠቅሙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ለሊቃውንትና ለሚጠይቋቸው የአገሩ ሰዎች ብቻ ክፍት በሆነ ስፍራ ቢቀመጡ ዕውቀት የሚጐድልበት ምክንያት አይታየንም። ጎብኚ ይቀንሳል የሚል ይኖራል፤ ይቀንስ።

ማሳየቱ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ከመስታወቱ አጠገብ የታንታ ካርዋ ታሪክ ቢጻፍ እንወዳለን። ሦስቱን ልጆች ዛሬ የምንጠራቸው «ልጃገረዲቱ»፥ «ወንዱ ልጅ»፥ «የመብረቋ ልጅ» እያልን ነው፤ እነዚህን ስሞች የሰጧቸው ያገኟቸው ሰዎች ናቸው። የኦክሮሷ ልጅ ግን ስሟም፥ አባቷም፥ አባቷ የተቀበለው ሹመትም ይታወቃል። ጎብኚው እርሷን ካነበበ በኋላ ወደ መስታወቱ ቢመለስ፥ ይህችስ የማን ልጅ ነበረች? በእርሷስ ማን ተሾመ? ብሎ መጠየቁ አይቀርም።